ሰርግ ያደመቀው ሙሾ

«ወራጅ አለ» አሉ አዴ ቢፍቱ፣ ሚኒባሱ ጎባን ወደ ኋላ ትቶ የሮቤን ሜዳ ገና እንደ ጀመረ።

ሾፌሩ በመስታወት አያቸው። በግራም በቀኝም ለአጨዳ የደረሰ ስንዴ ብቻ ነው፤ ቤት የለ፣ መታጠፊያ የለ። «እማማ፣ ሮቤ እኮ ገና ነው» አለ።

«አውቃለሁ። አውርደኝ።»

ሙዚቃውን የከፈተው ሾፌሩ ነበር። ዕለቱን አስቦ ነው። «ከሳነቴ ውረጂ»ን የማያውቅ ሰው በባሌ ምድር የለም፤ ዛሬ ደግሞ ዘፋኙ ሻምበል ሀብተሚካኤል ከአዲስ አበባ መጥቶ በሮቤ አዳራሽ ሊከበር ነው። ሳክስፎኑ በእንጉርጉሮ ገባ፣ ኦርጋኑ ተከተለው፣ ከዚያ ከበሮው የአሜሪካ ጥቁሮችን ምት ያዘ፤ በንጉሡ ዘመን የኦርኬስትራ ልጆች «ሪትም ኤንድ ብሉዝ» እያሉ ያበዱለትን ምት። የተሳፋሪው ትከሻ ሁሉ ተነቃነቀ። «ኮቱ፣ ኮቱ» የሚለው አዝማች ሲደርስ ከኋላ የተቀመጡት ኮረዶች አብረው ዘፈኑ።

«ከሳነቴ ውረጂ፣ ልቤ ይሁንሽ አልጋ፣
እሳት አንድጄልሽ ስጠብቅሽ ነጋ።»

ሚኒባሱ ዳር ያዘ። የልጅ ልጃቸው ጂቱ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተከትላቸው ወረደች። ጂቱ ነርስ ናት፤ ከአዳር ተረኝነት ወጥታ ሳትተኛ ነበር «ሮቤ አድርሺኝ» ያሏትን አያቷን ምክንያቱን ሳትጠይቅ ይዛ የመጣችው። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ምን አስቀየምናቸው?» ብሎ ጠየቃት።

«ምንም። ዘፈን አይወዱም፤ ጸሎት ቤት ነው የሚሄዱት» አለችው። ቤተሰቡ ለሰው ሁሉ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነበር።

መኪናው ሄደ። አዴ ቢፍቱ ነጠላቸውን አጣፍተው በአስፋልቱ ዳር መራመድ ጀመሩ። ጥቂት እንደ ሄዱ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ውሸት ነው» አሉ።

«ምኑ፣ አኮ?» አለች ጂቱ፤ አያቷን የምትጠራው እንዲህ ነው።

«ዘፈን አይወዱም ያልሺው። እኔ ዘፋኝ ነበርኩ። የመኮንኖች ክበብ ውስጥ፣ ካኪ ለብሼ።»

ጂቱ ቆመች። አያቷ ሲዘፍኑ ሰምታ አታውቅም፤ ስታስታውሳቸው ዘፈን ሲሸሹ ነው። በእናቷ ሰርግ ዕለት ይኸው ዘፈን ሲከፈት ከዳሱ ብድግ ብለው ወጥተው፣ የሙሽራው ዘመዶች «ልጅቱን ሳይወዱ ነው የዳሩልን» ብለው ተቀይመው እንደ ነበር እናቷ እስከ ዛሬ ታወራለች። ጂቱ ራሷ በተመረቀች ጊዜም ጎረቤት ዘፈኑን ሲከፍተው አያቷን ያገኘቻቸው ከጓሮ፣ ከጎመኑ መደብ አጠገብ ቆመው ነው። «ጴንጤ ስለሆኑ ነው» ተብሎ ታለፈ።

«ነይ፣ እየሄድን እነግርሻለሁ» አሉ አዴ ቢፍቱ። «ቁጭ ካልኩ መነሳቱ ያቅተኛል።»

በአምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ቢፍቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ያን ጊዜ ጎባ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ነች፤ እንደራሴው እዚያ ነው፣ የጦር አዛዡ እዚያ ነው፣ ፊታውራሪውና ግራዝማቹ ጉዳይ ይዘው ደጅ የሚጠኑት እዚያ ነው። ለመኮንኖቹ መዝናኛ ተብሎ አንድ ኦርኬስትራ ተቋቋመ። ቢፍቱ ድምጿ ተሰምቶ ተቀጠረች፤ ካኪ ጉርድና ቆብ ተሰጣት፣ «ወታደር ቢፍቱ» ተባለች። የኦርኬስትራው መሪ ሃምሳ አለቃ ሀብተሚካኤል ይባላል። ፀጉሩን በቫዝሊን አስተኝቶ፣ ጫማውን እንደ መስታወት ወልውሎ የሚሄድ ጎልማሳ ነው። አስመራ ባሉ ወዳጆቹ በኩል የአሜሪካ ሸክላ ያስመጣል፤ መርፌው እስኪዶለዱም እየደጋገመ ያዳምጣል። «እኛም አንድ እንዲህ ያለ ሸክላ እናወጣለን» ይል ነበር፤ ግን የሚያወጣው ዜማ አልመጣለትም።

ቢፍቱ ከወንድሟ ከሂካ ሌላ ዘመድ አልነበራትም። እናትና አባት ሲሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው። ሂካ ነጋዴ ቢጤ ነበር፤ ከሪራ ማር፣ ከሃረና ቡና በሁለት በቅሎ ጭኖ፣ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ጎባ ያመጣል። በዚያ ዓመት ባሌ ሸፍቷል። ጦር ይወጣል፣ ጦር ይወርዳል። አንድ የዘመቻ ጓድ ከሃረና ወደ ጎባ ሲመለስ ሂካን ከነበቅሎዎቹ መንገድ ላይ አገኘውና «ምራን» አለው። እንቢ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። ማሩ ከጓዱ ዕቃ ጋር ተደርቦ ተጫነ፤ ሂካም ፊት ፊት ሄደ።

ሳነቴ ላይ ሲደርሱ ውርጩ በረታ። አንድ ወታደር ታመመባቸውና የሂካን ቡልኮ ገፈው እሱን አለበሱት። በሽተኛውን በቅሎ ላይ ለማስቀመጥ ከጭነቱ አንድ ነገር መውረድ ነበረበት። የወረደው የአዛዡ የመስክ አልጋ ነው፤ ታጥፎ የሚያዝ፣ ሸራ የተወጠረበት የብረት አልጋ። ሂካን «ይህን ጠብቅ» አሉት። «ተመልሰን እንወስደዋለን። ጥለኸው ብትሄድ ግን ወዮልህ።» ይህን ቢፍቱ የሰማችው በኋላ ከራሱ ከታመመው ወታደር ነው።

ጎባ ገቡ። የተመለሰ የለም። ያገኘው ጉሉማ የሚባል የሪራ ማር ነጋዴ ነው። ሂካ አልጋውን ተደግፎ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ እንደ ተቀመጠ ደርቋል። አልጋውን እንኳ ዘርግቶ አልተኛበትም። «አትንካው ብለውት ይሆናላ» አለ ጉሉማ፣ ሬሳውን በፈረስ ጭኖ ካመጣ በኋላ።

አዴ ቢፍቱ እዚህ ሲደርሱ ነጠላቸውን መልሰው አጣፉ። ከመንገዱ ማዶ ኮምባይነሩ ስንዴውን እየዋጠ አቧራውን ወደ ሰማይ ይተፋል። ጂቱ ክንዳቸውን ያዘች።

«ከሳሽ አልነበረም?» አለች።

«ማን ማንን? ‹መንገድ መሪው ለሽፍታ ሊያድር ሲል ጠፍቶ ሞተ› ተባለ። ከዚህ በኋላ ማን ለቅሶ ይምጣ? ጎባ ላይ ለቅሶ የማይደረስለት ውሻ ብቻ ነው፤ የኔ ሂካ እንደ ውሻ ሆነ። ጎጆዬ ውስጥ ጉሉማና አንዲት መስማት የተሳናቸው አሮጊት ጎረቤቴ ብቻ ነበሩ። አሮጊቷም እኮ ሐሜቱን ባይሰሙ ነው።»

ከኦርኬስትራው ግን አንድ ሰው መጣ። ሃምሳ አለቃ ሀብተሚካኤል ቆቡን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ የጎጆዋን በር ገባ። በማግስቱም መጣ፣ በሠልስቱም። ቢፍቱ ታለቅስ የነበረው በዜማ ነው፤ እናቷ እንደዚያ ሲያለቅሱ ሰምታ ነው ያደገችው።

«ከሳነቴ ውረድ፣ ውርጭ አይሆንም አልጋ፣
እሳት አንድጄልህ ስጠብቅህ ነጋ።
በቅሎዎቹ ገቡ፣ ማሩም ተራገፈ፣
ሂካ ብቻ ቀረ መንገዱን ያቀፈ።»

በየመሃሉም በእናቷ ቋንቋ «ኮቱ፣ ኮቱ ሂካ ኮ» ትላለች፤ ና፣ ና የኔ ሂካ። ሃምሳ አለቃው አቀርቅሮ ያዳምጣል። ጣቱ ጉልበቱ ላይ ቀስ እያለ ይመታል። ቢፍቱ ሐዘን መሰላት። ሊወጣ ሲነሳ እግሩ ላይ ወድቃ «ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ እርስዎ መጡልኝ» ብላ አመሰገነችው።

ሐዘኗን ጨርሳ ወደ ልምምድ በተመለሰች ቀን ክበቡ በር ላይ ሆና ሰማችው። ዜማው የራሷ ነው። ከበሮው ግን እየዘለለ ነው፤ ሳክስፎኑ ይስቃል። «ውረድ» የነበረው «ውረጂ» ሆኗል። «ውርጭ አይሆንም አልጋ» ያለችው «ልቤ ይሁንሽ አልጋ» ተብሏል። ሂካ የለም። «ኮቱ» ብቻ እንዳለ ቀርቷል፤ በኦሮምኛ ለወንድም ለሴትም ኮቱ ነውና መቀየር አላስፈለገውም።

«ወታደር ቢፍቱ፣ አዝማቹን ያዢ» አላት ሃምሳ አለቃው፣ ፊቱ በደስታ በርቶ።

«ይኼ የወንድሜ ሙሾ ነው።»

«ሙሾ ባለቤት የለውም። ዘፈን ሆነልሽ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ቆቧን አውልቃ ከበሮው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ሥራ ጥላ በመሄዷ ታሰረች። ስትፈታ ዘፈኑ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ሸክላ ሆኖ፣ ተመልሶ ጎባ ገብቷል። በየቡና ቤቱ፣ በየሰርጉ፣ ከዚያ በየካሴቱ፣ ከዚያ በየስልኩ። መጀመሪያ ላይ ለሰው ተናግራ ነበር። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱም «ስለዚያ መንገድ መሪ ባታወሪ ይሻልሻል» አላት። አናጢ አገባች፣ ወለደች፣ ዝም አለች።

«ታዲያ ዛሬ ምን አመጣው?» አለች ጂቱ።

«ያ መምህር።»

መምህር ፊሊጶስ ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥቶ በሮቤ የሚያስተምር ሰው ነው፤ የዛሬውን በዓል ያሰናዳው እሱ ነበር። ከትናንት በስቲያ፣ ጂቱ ሥራ ላይ ሳለች፣ የኦርኬስትራውን ሰዎች እያፈላለገ የአዴ ቢፍቱን ቤት አንኳኳ። ትሑት ሰው ነው፤ ጫማውን በር ላይ ነው ያወለቀው። የዘፈኑን ታሪክ እንደ ጻፈው አነበበላቸው። ሻምበሉ ራሳቸው በነገሩን መሠረት፣ ይላል፤ በሳነቴ አምባ በፈረስ የምታልፍ አንዲት የባላባት ልጅ አይተው፣ በውበቷ ተማርከው፣ ያን ቀኑን ግጥምና ዜማውን ደረሱት። «ይኸው በእብነ በረድ ተቀርጿል» አለ ደስ ብሎት። «ሻምበሉ መጋረጃውን ይገልጡታል።»

አዴ ቢፍቱ ሁሉንም ነገሩት። ሰውየው ፊቱ ጠቆረ። ብዙ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። «አምንዎታለሁ እማማ» አለ በመጨረሻ። «ግን እንግዶች ተጠርተዋል፣ ድንጋዩም ተቀርጿል። የእርስዎን ታሪክ ደግሞ በሌላ ጊዜ...»

«በሌላ ጊዜ ማለት ስሞት ነው?» አሉት። ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ጂቱ ይህን ስትሰማ ከአስፋልቱ ወጥታ ጠጠሩን በጫማዋ መታችው። «እና አሁን ሄደው ምን ሊያደርጉ ነው?»

«አላውቅም። ግን ድንጋይ ላይ ሂካን የባላባት ልጅ አድርገው ሲተክሉት ቤቴ ቁጭ ብዬ አልሰማም።»

ባዶ ጆንያ የጫነ ፒክአፕ አጠገባቸው ቆመ። «አካም ቡልተን፣ ሃዳ? ሮቤ ነው?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው የሚነዳው ገበሬ። ጋቢና አስገባቸው። በበዓሉ ምክንያት የሚሄዱ መሰለውና «እኔም በሱ ዘፈን ነው ያገባሁት» አለ ፈገግ ብሎ። አዴ ቢፍቱ አልተቆጡትም። ሰውየው ምን በደለ? እሱ የሚያውቀው ቆንጆዋን ነው። ንዴታቸው ወደ ማን መሄድ እንዳለበት ያውቃሉ።

አዳራሹ ደጅ በሰው ተሞልቷል። ቀይ ኮት የለበሱ ወጣት ሙዚቀኞች ሽቦ ይዘረጋሉ። መድረኩ ላይ በአረንጓዴ ጨርቅ የተሸፈነ ድንጋይ ቆሟል። መምህር ፊሊጶስ አዴ ቢፍቱን ሲያያቸው ደነገጠ፤ ግን አላባረራቸውም። «ሻምበሉን ማነጋገር እፈልጋለሁ» ሲሉት ከመድረኩ ጀርባ ወዳለችው ክፍል መራቸው።

ሻምበል ሀብተሚካኤል ወንበር ላይ ተቀምጦ በትሩን አገጩ ሥር አስደግፏል። ሰማንያ አምስት ዘልቆታል። ጥቁር ሱፍ ለብሷል፤ ጫማው አሁንም እንደ መስታወት ነው።

«ሻምበል፣ ወይዘሮ ቢፍቱ ናቸው። በኦርኬስትራው አብረዎት ነበሩ» አለ ፊሊጶስ።

«ቢፍቱ!» አለ ሻምበሉ። እውነትም ደስ አለው። «አዝማች ተቀባይዋ! አለሽ እንዴ? ነይ ቅረቢኝ።»

አልቀረቡም። «እንደምን አሉ ሻምበል። የመጣሁት ስለ ሂካ ነው።»

«ሂካ?» አለ። ግንባሩን አኮማተረ፤ ፊሊጶስን አየ፤ እሳቸውን አየ። «ሂካ ማን ነው?»

አዴ ቢፍቱ ለብዙ ነገር ተዘጋጅተው ነበር። ይክዳል ብለዋል፣ ይቆጣል ብለዋል፣ ምናልባትም ያለቅሳል ብለዋል። መርሳቱን ግን አላሰቡትም። የጂቱን ትከሻ ያዙ።

«ወንድሜ» አሉ። «ሳነቴ ላይ የአዛዡን አልጋ ሲጠብቅ ውርጭ የገደለው። ጎጆዬ መጥተው ሙሾውን የሰሙለት።»

«እ... መንገድ መሪው» አለ ሻምበሉ ቀስ ብሎ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ። «አዎ። ነፍስ ይማር። ደግ ዜማ ነበር ያወጣሽለት። ግን ስሚኝ ቢፍቱ፤ ያኔ ስሙን ጠርቼ ብዘፍን ኖሮ ሁለታችንም ወህኒ ነበርን። እኔ ባላነሳው ደግሞ እዚያች ጎጆ ውስጥ ይቀር ነበር። ይኸው አገር ሁሉ ያውቀዋል።»

«ይሁን፤ ያኔ ፈርተው ነው። ንጉሡ ወረዱ። ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጋዜጠኛ በጠየቀዎት ቁጥር ‹በፈረስ የምትሄድ ቆንጆ› የሚሉት ማንን ፈርተው ነው?»

ሻምበሉ ሳቀ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም፣ አንድ ልጅ ሞኝ ጥያቄ ሲጠይቅ እንደሚሳቀው ነው። «ሰው የሚወደው እሷን ነዋ። ሬሳ ማን ይወዳል?»

አዴ ቢፍቱ ዕድሜ ልካቸውን ሽማግሌ አንተ ብለው አያውቁም።

«እኔ ነኛ» አሉ። «እኔ እወደዋለሁ። አንተ ሰውዬ፣ ሬሳ ያልከው አዝሎ አሳድጎኛል። ለቅሶዬ ላይ ተቀምጠህ ጉልበትህን ትመታ የነበረው ምት ስትቆጥር መሆኑን ያኔ ባውቅ፣ እግርህ ላይ አልወድቅም ነበር።»

ፊሊጶስ መሬት መሬት አየ። ሻምበሉ በእጁ አየሩን ገፋ አደረገ። ፊቱ ላይ የደከመ ሰው ምሬት እንጂ ጸጸት አልነበረም። «አረጀን ቢፍቱ። ከአሁን በኋላ ምን እንጣላለን? እንዲህ እናድርግ። መድረክ ላይ እጠራሻለሁ፤ ያኔ እንቢ ያልሺውን አዝማች ዛሬ ትቀበይልኛለሽ። ሕዝቡ ያጨበጭብልሻል። ይበቃሻል?»

ይህን እንደ ትልቅ ስጦታ ነበር የሰጠው። አዴ ቢፍቱ የጂቱን ትከሻ ለቀቁ።

«ጥራኝ» አሉ።

ንግግር ተደረገ፣ ምርቃት ተደረገ። ከዚያ ወጣቶቹ ከበሮውን ጀመሩና አዳራሹ ከወንበሩ ተነሣ። ሻምበሉ ማይኩን ይዞ ሲዘፍን ድምፁ ገና እንደ ወፍራም ጨርቅ ነበር፤ ይህን አዴ ቢፍቱም ለራሳቸው አልካዱም። ሰው ይጨፍራል። ስልክ ሁሉ ከፍ ብሏል። ሁለተኛው አዝማች ከመድረሱ በፊት ሻምበሉ እጁን ዘርግቶ «ከድሮ ጓዶቼ አንዷ እዚህ አለች! ቢፍቱ፣ ነይ!» አለ። ጭብጨባው ጣራውን ነካ።

ጂቱ ደግፋ አወጣቻቸው። አዴ ቢፍቱ ማይኩን ተቀበሉ። ሙዚቀኞቹ አዝማቹን እየጠበቁ ዙሪያውን ደጋገሙት፤ አንዴ፣ ሁለቴ። እሳቸው ወደ ከበሮ መቺው ዞሩ። ምንም አላሉትም፤ ዝም ብለው አዩት። ልጁ እጁ ዛለ። ኦርጋኑ ትንሽ ቆየና እሱም ተወ።

«አዝማች ልቀበል አልመጣሁም» አሉ። «ሂካ የሚባል ወንድም ነበረኝ። ሁለት በቅሎ ነበረው፤ ማር ያመጣላችሁ ነበር፤ እናቶቻችሁ ገዝተውታል። ጦር መንገድ ምራን ብሎ ወሰደው። ሳነቴ ላይ ቡልኮውን ገፈው የአዛዥ አልጋ ጠብቅ አሉት። አልጋውን ተደግፎ በውርጭ ሞተ። ‹ውርጭ አይሆንም አልጋ› ብዬ አለቀስኩለት። እናንተ ስትጨፍሩበት የኖራችሁት ይኼንኑ ነው። ቆንጆ ልጅ አልነበረችም። ፈረስም አልነበረም። ‹ውረድ› ነው ያልኩት።»

ከኋላ አንድ ሰው አፏጨ። አጠገቡ ያሉት ገሠጹትና ዝም አለ።

«ያን ጊዜ ለቅሶዬን የደረሰኝ የለም፤ ሰው ፈርቶ ነው፣ አልፈርድም። ዛሬ የሚያስፈራችሁ የለም። ሙሾውን ግን አላሰማችሁም፤ አንድ ጊዜ አሰምቼ የሆነውን ታያላችሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ታኣ። ተቀመጡልኝ።»

መጀመሪያ የተቀመጠ የለም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ በፊተኛው ረድፍ አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ነጠላቸውን አውልቀው ዘቀዘቁትና፣ ጥለቱን አንገታቸው ላይ አድርገው እንደ ለቅሶ ቤት ቁጭ አሉ። ጎናቸው ያለችው ተከተለቻቸው። አንድ ኮፍያ ያደረጉ ሼክ መዳፋቸውን ዘርግተው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ወንበሮች ተንኳኩ፣ ስልኮች ወረዱ። ቀይ ኮት የለበሱት ልጆች ሳይቀሩ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። በፒክአፕ ያመጣቸው ገበሬ በሩ ሥር መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፍኗል።

ቆሞ የቀረ ሻምበሉ ብቻ ነበር።

አዴ ቢፍቱ ከመድረኩ ወርደው ከጂቱ ጎን ተቀመጡ። ሰው እየተነሣ፣ ተራ እየያዘ መጣ። «እግዚአብሔር ያጽናናሽ።» «ነፍስ ይማር።» «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ።» «ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ።» እጃቸውን እየጨበጡ፣ ትከሻቸውን እየነኩ አለፉ። ከመካከላቸው ሂካን የሚያውቅ ማንም አልነበረም፤ ሁሉም ግን ስሙን እየጠሩ ነበር።

ሻምበሉ የመጨረሻው ሆኖ መጣ። በትሩን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ቀኙን ዘረጋ። ሰው ሁሉ ያያል። «እግዜር ያጥናሽ ቢፍቱ» አለ፣ አዳራሹ እንዲሰማ አድርጎ።

አዴ ቢፍቱ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አላነሡም።

«አንተ ያኔ ደርሰኸኛል» አሉት።

እጁ እንደ ተዘረጋ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ተመልሶ በትሩን ያዘ። ፊሊጶስ በጎን በር አስወጣው። መጋረጃውን የገለጠ የለም።

ደጅ ላይ ፊሊጶስ ሮጦ ደረሰባቸው። ላብ አጥምቆታል። «እማማ፣ ድንጋዩን አስነሣዋለሁ። ሌላ ይቀረጻል። ምን ብለን እንጻፍ? እርስዎ ንገሩኝ።»

«ምንም አትጻፉ። ያንን ብቻ አንሱት» አሉ። ከዚያ ጨመሩ፦ «አምንዎታለሁ ብለኸኝ ነበር። ካመንከኝ ከትናንት በስቲያ ነበር ማንሣት።»

መምህሩ አንገቱን ደፋ። አዴ ቢፍቱም አላጽናኑትም።

ወደ ጎባ የሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮ ጠፍቷል። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘምበል ብላ ገለባውን ወርቅ አስመስላዋለች። ጂቱ የአያቷን እጅ ይዛ ቆየች። የነገ ሰርግ ላይ ያ ዘፈን እንደገና እንደሚከፈት ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንድ አዳራሽ ተቀመጠ እንጂ አገር አልተቀመጠም። አዴ ቢፍቱ ይህን ሲያስቡ ንዴቱ እንደገና ተነሣባቸው።

«አኮ» አለች ጂቱ። «ሂካ ግን ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

አዴ ቢፍቱ ዞረው አዩዋት። ስለ አሟሟቱ ያወሩ ሰዎች ነበሩ፤ ስለ ሙሾውም ያወሩ ነበሩ። ይህን ግን እስከ ዛሬ የጠየቃቸው ሰው የለም።

«ሂካ?» አሉ። ማሰብ ነበረባቸው። «ረዥም ነበር። ግራኝ ነበር። ከበቅሎዎቹ ጋር እንደ ሰው ይጨቃጨቃል። እና ደግሞ...» ከንፈራቸው ዳር ተንቀሳቀሰ። «ዘፈን ይወድ ነበር፣ ግን ድምፁ የሚያስጠላ። መንገድ ላይ ሲጀምር ጉሉማ ‹ሂካ፣ ጅብ ትጠራብናለህ› ይለው ነበር። እሱ ግን አይተውም። ገና ከሩቅ ሲመጣ እሰማዋለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማዋል።»

«ምን እያለ?»

አዴ ቢፍቱ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ከስንዴው ማዶ ሳነቴ ደመና ለብሶ ይታያል። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ድምፃቸውን ሆን ብለው እያበላሹ፣ ወንድማቸው እንደሚዘፍነው አድርገው ዘፈኑላት።